መቶ ብር በግንባሯ

ባለፈው ታኅሣሥ ጫጫ ልደት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጫጫን ለማታውቋት፤ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ፣ ብርዱ ራሱ «መስኮቱን ዝጉ!» የሚላችሁ ቦታ ናት። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ። በታኅሣሥ ውርጩ ለገብስም ለባቄላም አይራራም። ለሰው እንኳ ጋቢ አለለት።

ባለ ልደቷ ግን ጋቢ አልደረበችም። አምስት ዓመቷን የደፈነችው የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ እጅጌ የሌለው የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ለብሳ፣ ሊፒስቲክ ተቀብታ፣ ለእግሯ የሚሰፋ ባለ ታኮ ጫማ ተጫምታ ድንኳኑ መሐል ቆማለች። ሻማው ጠፋ፤ ኬኩ ተቆረሰ፤ ተጨበጨበ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ከዚያ ከደብረ ብርሃን የመጣው ዲጄ ማይኩን ያዘና «አሁን ደግሞ የሕፃናት የዳንስ ውድድር!» ብሎ አወጀ።

የለቀቀው ዘፈን ስለ አንድ ጎልማሳና ስለ ወዳጁ ሌሊት የሚያወራ ነው። ልጅቷ ከስልክ ያጠናችውን ጀመረች። እናቷ ከተቀመጠችበት «ወገብሽን! ወገብሽን!» ትላለች። ልጅቷ እናቷን እያየች ወገቧን ትሰብቃለች። ይሄኔ አንድ ጠና ያለ እንግዳ ከወንበሩ ተነሳና፣ አዝማሪ ቤት እንደሚደረገው፣ ድፍን መቶ ብር አውጥቶ ግንባሯ ላይ ለጠፈ። ድንኳኑ በጩኸት ተናጋ።

እውነቱን ልናገርና እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሰው ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ከጎኔ የነበሩት አክስቴ ግን እጃቸው ከጋቢያቸው አልወጣም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እኔን በዘጠኝ ዓመቴ ሲድሩኝም እንዲህ ነበር እልል ያሉት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ማጨብጨብ አልቻልኩም።

በማግስቱ ለልጅቷ እናት ስልክ ደወልኩና የከነከነኝን ነገርኳት። «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ አከበዱት!» አለችኝ። «ሕፃን እኮ ናት፣ ምን ታውቃለች? ደግሞስ እኛ ከጥንትም ጭፈራ ወዳድ አይደለንም እንዴ? አሁን ዘመኑ ነው፤ አዲስ አበባ ሂደው ቢያዩ ምን ሊሉ ነው!» ክፉ ሴት አይደለችም። ለዚያ ቀን ወራት ቆጥባለች። የተናገረችውም የብዙዎቻችን መልስ ነው። ስለዚህ መልሷን በቁም ነገር ልውሰደው።

«ምን ታውቃለች?» እውነት ነው፣ አታውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። ችግሩም ይኸው ነው። የምትታየው የማታውቅ፣ የምናየው የምናውቅ። ስለ ሌሊቱ ዘፈን ምንም ያልገባት ልጅ ሌላ ትምህርት ግን በደንብ ገብቷታል፦ ወገቤን ስሰብቅ እማዬ ትስቃለች፣ ሰው ይጮኻል፣ ብር ይመጣል። ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት የለም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዘገባ፣ ልጃገረዶችን የሰው ዓይን ማረፊያ ገላ አድርጎ ማሳየት በራስ ካለመተማመን፣ ከድባቴና ከተዛባ አመጋገብ ጋር እንደሚያያዝ ጽፏል። አክስቴ ዘገባውን አላነበቡም። ኖረውበታል።

እግረ መንገዴን ሌላም ነገር ልጠይቅ። በዚያው ውድድር ወንዶች ልጆችም ነበሩ። ተንከባለሉ፣ ተጋፉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወደቀ፣ ተሳቀላቸው። «ወገብህን!» ያላቸው ግን አልነበረም። ዝም ብሎ የልጆች ጨዋታ ከሆነ፣ ወገብ ለሴቶቹ ብቻ ለምን ተመደበ?

«ከጥንትም እንጨፍራለን።» እንዴታ! እኔ ራሴ ሸዋ ውስጥ ያደግኩ ነኝ፤ እስክስታን የተማርኩት በሠርግ ቤት ከአዋቂ ጀርባ ተሸጉጬ ነው። ልጅ ይጨፍራል። ሙዚቃ ሰምቶ ትከሻው ዝም የሚል ልጅ ካለ ያሳስበኛል። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶች፣ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶች ይጨፍራሉ፤ ሙልሙልና ሳንቲምም ይቀበላሉ። «ታዲያ ከመቶ ብሩ በምን ይለያል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «የሚናገረው ማነው? የሚናገረውስ ለማን ነው?» እያልኩ አሰለቻቸው ነበር። ጭፈራም በዚሁ ይለያል። ሆያ ሆዬ የልጆቹ የራሳቸው ነው። ዜማው የእነሱ፣ አውራጁ ከመሐላቸው፣ የትኛው ደጅ እንደሚኬድ የሚወስኑት እነሱ። በቡድን ነው የሚመጡት፤ ማንም ብቻውን አይታይም። ያገኙትንም ይካፈሉታል። ከሠርጉ ጀርባ ትከሻዋን የምትሰብቅ ልጅም የምትጨፍረው ትከሻዋ ስለበላት ነው፤ ሲደክማት ትታው ትሮጣለች። የድንኳኑ ልጅ ግን መሐል ቆማለች፣ ብቻዋን፣ ያልመረጠችው ዘፈን ተለቆባት፣ ስልክ ሁሉ ተደግኖባት። ዓይኗ እናቷ ላይ ነው። የምትጨፍረው ለእኛ ነው። የእንግዳው መቶ ብርም ለልደቷ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን የትርኢት ክፍያ ነው። ስጦታ እጅ ላይ ይሰጣል፤ ግንባር ላይ አይለጠፍም።

«ዘመኑ ነው።» ይህቺ ቃል ስንት ነገር ተሸከመች! ዘመኑ የመጣበት አገር እንኳ በነገሩ እየተከራከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረንሳይ ሴኔት ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጃገረዶች የቁንጅና ውድድር እንዲታገድ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔትፍሊክስ በአሥራ አንድ ዓመት የዳንስ ልጆች ላይ ያተኮረውን የማይሙና ዱኩሬን ፊልም ሲያስተዋውቅ በለጠፈው ምስል ምክንያት ዓለም ጮኸበት፤ ይቅርታም ጠየቀ። የሚገርመው ፊልሙ ራሱ ይህንኑ ነገር ለመተቸት የተሠራ መሆኑ ነው። እኛ ግን ዕቃውን እናስገባለን፣ ክርክሩን ጉምሩክ ላይ ጥለነው እንመጣለን።

ለነገሩ ክርክሩ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና ለዕድሜው የሚስማማውን ጨዋታ የመጫወት መብት አለው ይላል። «ለዕድሜው የሚስማማውን» የምትለዋን ያዙልኝ። አባባ ተስፋዬ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለአራት አሥርት ዓመታት ልጆችን በቴሌቪዥን በተረት ሲያጫውቱ አዋቂ ምሰሉልኝ ብለው አያውቁም። ልጅ ለመምሰል የሚጥሩት እሳቸው ነበሩ።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። በእሳቸው ጊዜ ሴት ልጅን በስምንትና በዘጠኝ ዓመቷ በበቅሎ ጭኖ መዳር ወግ ነበር። ያኔም «ዘመኑ ነው» ይባል ነበር። ያኔም «ምን ታውቃለች፣ አማቷ ቤት ታድጋለች» ይባል ነበር። ያኔም ወላጅ ልጁን ስለጠላ አልነበረም፤ ወግ ማዕረግ ማየት ስለጓጓ ነበር። ያንን ልማድ ለመተው ብዙ ተደከመ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሴት 15 ዓመት አለ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚፈጽም እንዲታሰር ደነገገ። እንዲያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት ገና 17 ዓመት ከጥቂት ሳይሞላቸው መሆኑን አሳየ። በእኛ ክልል ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ዳንስና ጋብቻ እኩል ናቸው እያልኩ አይደለም። አክስቴ ከደረሰባቸው ጋር የአንድ ቀን ድንኳን አይወዳደርም። ጥድፊያው ግን አንድ ነው። ያኔ በቬሎ ፈንታ በነጠላ ሸፍነን አዋቂ አስመሰልናት፤ ዛሬ በሊፒስቲክ ቀብተን አዋቂ አስመሰልናት። ሁለቱም ጊዜ የተደሰተው ትልቅ ሰው ነው። ሁለቱም ጊዜ የተጠየቀ ልጅ የለም። በአንድ እጃችን ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያወግዝ ፖስተር እየሰቀልን፣ በሌላው እጃችን መቶ ብር እየለጠፍን ነው።

መፍትሔው ሰማይ አልራቀም። ዲጄው ሲከራይ «የልጆች ዘፈን ይዘህ ና» ማለት ገንዘብ አያስጨምርም። ወንበሩን ለልጆች ለቀን ዳር መቆም ይቻላል፤ ልደቱ የእነሱ ነዋ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ቲክቶክ ላይ የወጣች የአምስት ዓመት ልጅ የእናቷ ብቻ መሆኗ ያበቃል፣ ማን እንደሚያያትም አይታወቅም። የሚጨፍር ልጅ ይጨፍር፤ መሐል አስገብቶ «ወገብሽን» የሚል ግን አይኑር።

ያን ቀን ሙዚቃው ለራት ሲቆም ልጅቷን ፈለግኳት። ከድንኳኑ ጀርባ ነበረች። ታኮ ጫማውን አውልቃ፣ የአያቷን ጋቢ ደርባ፣ መሬቱን በእንጨት ጭራ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትዘላለች። መስመር ረግጣ ተቃጠለችና ተከራከረች። ብሩን እናቷ ወስዳዋለች፤ ትዝም አላላት።

በሚቀጥለው ልደት መቶ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩልኝ። መስጠት ካማራችሁ ደብተር ግዙላት። ወይም ከድንኳኑ ጀርባ ሂዱና፣ ከቻላችሁ፣ ተራ ጠብቃችሁ ዝለሉ።