የእናት ሳጥንና የሸማኔ ጉድጓድ

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ልብስ እንጨዋወታለን። ልብስ ስንልም አዲስ ተገዝቶ ስለሚመጣው አይደለም፤ አርጅቷል ተብሎ ከሳጥን ሥር ስለሚከተተው፣ ከሌላ ሰው ገላ ወርዶ ወደ እኛ ስለሚደርሰውና በየመንደራችን ተሠርቶ ሳለ ቀና ብለን ስለማናየው የእጅ ሥራ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከራሳችን ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ብርዷን የኖረባት ያውቀዋል። ለዒድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቤቱን ወጪ ቁጭ ብለን ብናሰላው፣ ለሦስት ልጆች ሙሉ አዲስ ልብስ መግዛት ከአቅማችን በላይ ሆነ። እናትየው ምንም ሳትናገር ሳጥኗን ከፈተችና የሙሽርነት ቀሚሷን አውጥታ ለትልቋ ልጃችን ሰጠቻት። ልጅቱም ዘርግታ አየችው፣ ጥበቡን በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያም መልሳ አጠፈችው።

«እማ፣ ቆንጆ ነው። ግን ጓደኞቼ የሰው አሮጌ ለብሳ መጣች ይሉኛል» አለች።

«እኔ ላንቺ ሰው ነኝ እንዴ?» አለች እናትየው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ብዙ ነገር አለ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ተረቱ የሚነቅፈው ግን በውሰት ጌጥ የሚኮራውን ነው እንጂ የእናቱን ልብስ የሚወርሰውን አይደለም። ለመሆኑ አሮጌ ልብስ መልበስን ነውር ያደረግነው ከመቼ ወዲህ ነው?

አንድ ጋቢ ስንት ዕድሜ ነበረው?

ወላጆቻችን ቤት አንድ ጋቢ እንዴት ይኖር እንደነበር እናስታውስ። ጋቢ አራት ድርብ ሸማ ነው። አዲስ ሳለ የአባት ነበር፤ መስጊድም፣ ገበያም፣ ለቅሶም ይሄድበታል። ሲሳሳ ለልጆች የሌሊት ልብስ ይሆናል። መሐሉ ሲያልቅ ደኅና ደኅናው ተቆርጦ ለሕፃን ማቀፊያ ይውላል። ከዚያ የተረፈው ከሌላ ጨርቅ ጋር እየተጣፈ ድሪቶ ይሆናል። የመጨረሻዋ ቁራጭ ደግሞ የምጣድ ማሰሻ ሆና ማድ ቤት ትገባለች። አንድ ሸማ ከአባት ትከሻ ተነሥቶ ምጣድ ላይ እስኪደርስ ስንት ዓመት አገለገለ?

ኮትም እንዲሁ ነበር። ፊቱ ሲነጣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ተወስዶ ይገለበጣል፤ ውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደገና ይሰፋል። የተገለበጠ ኮት የሚታወቀው በደረት ኪሱ ነበር፤ በግራ የነበረው በቀኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ይህን አይቶ የሚስቅ አልነበረም ማለታችን አይደለም። የሚስቀው ይስቅ ነበር፤ ባለኮቱ ግን ይሞቀው ነበር።

እንግዲህ ዛሬ በከተማ ወጣቱ እንደ አዲስ የያዘው አሮጌውን አድሶ የመልበስ ዘዴ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው እፍረቱ ነው። አላህ ብክነትን እንደማይወድ በየጊዜው እየሰማን፣ ሁለት ጊዜ ታጥቦ የሚላላ ርካሽ ልብስ ለአንድ ቀን ዒድ መግዛትን ግን ክብር አድርገነዋል።

ስለ ሰልባጅም እንነጋገር

አሮጌ ልብስ ሲባል ብዙ ወጣቶች ወዲያው የሚያስቡት ሰልባጅን ነው። ሰልባጅ በባዕድ አገር ሰዎች ለብሰው የተዉት፣ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ልብስ ነው። በብርድ አገር የሚኖር ድሃ ቤተሰብ ለልጁ ወፍራም ሹራብ ከዚያ ክምር ቢያገኝ ልንወቅሰው አንደፍርም። አንዳንዱ ወጣትም ከክምሩ ውስጥ ማንም ያላየውን ጃኬት መርጦ፣ አሳጥሮና አጥብቦ፣ ከአያቱ ጋቢ ጋር ሲለብሰው ያምርበታል። ዓይን ያለው ሰው ከክምር ውስጥም ውበት ያወጣል።

ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባንም። በአገራችን ሕግ ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። ጉምሩክ «ተያዘ» ብሎ በሚያስነግረው የኮንትሮባንድ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ልባሽ ጨርቅ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳዩ የእኛ ብቻም አይደለም። ሩዋንዳ የአገሯን ልብስ ሥራ ለማሳደግ ብላ እ.ኤ.አ. በ2016 በልባሽ ልብስ ላይ ቀረጡን በብዙ እጥፍ ከፍ አደረገች፤ በ2018 ደግሞ አሜሪካ የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ እንዲገባ የሰጠችውን ዕድል አገደች። አንድ አሮጌ ሸሚዝ አገርና አገርን ሊያከራክር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

እኛም በሰልባጅ ተታለን እናውቃለን። አንድ ጊዜ በችኮላ የገዛነው ካፖርት ቤት ገብቶ ሲዘረጋ ብብቱ ተተርትሯል፣ ገበሩም በስብሷል፤ ለልብስ ሰፊ የከፈልነው ከካፖርቱ ዋጋ በለጠ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ያገለገለ ልብስ፣ ከዘመድም ይሁን ከጎረቤት የተሰጠንን፣ እንዲህ እናየዋለን። መጀመሪያ ገልብጠን ስፌቱን እንመለከታለን። ቀጥሎ ብብቱን፣ ክርኑንና ጉልበቱን ወደ ብርሃን አንሥተን መሳሳቱን እናያለን። ከዚያም በሙቅ ውኃ አጥበን በፀሐይ እናሰጣለን፤ በካውያም እንተኩሰዋለን። ሶላት የሚሰገድበት ልብስ ነውና በንጽሕናው አንደራደርም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ወደ ቦንዳው ከመሮጣችን በፊት የእናት ሳጥን ይከፈት። የአክስትም፣ የአያትም ሳጥን ይከፈት። እዚያ ያለው ልብስ የማን እንደነበረ ይታወቃል።

ከጉድጓዱ አጠገብ

ወደ ጨዋታችን እንመለስ። ልጃችን በቁመት እናቷን ስለበለጠቻት ቀሚሱ አጠራት። እናትየውም ከታች የሚቀጠል ጥበብ ለማሠራት ቀሚሱን ይዛ፣ ልጆቹንም አስከትላ፣ እኛም ተከትለን ከከተማው ዳር ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ሸማኔ ሄድን።

ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ታች ሰደው መርገጫውን ይረግጣሉ፤ በእጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ቀሚሱን ሲቀበሉ መጀመሪያ ያዩት ጥበቡን አልነበረም። ነጩን ሸማ በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና ወደ ደጁ ብርሃን አነሡት።

«ይህ ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነው» አሉ። «አሁን ድሩን ከፋብሪካ ክር ነው የምንሠራው። ማጉን ብቻ ሴቶች ይፈትሉልናል፤ እሱንም የሚፈትል እየጠፋ ነው። ልጄ፣ ይህን የመሰለ አሁን ገበያ ብትወጪ አታገኚም።»

ልጃችን ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ፣ «አባባ፣ ልጆችዎ ሥራውን ይዘውታል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አንዱ አዲስ አበባ ነው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። ጉድጓዱን ከእኔ በኋላ በአፈር ይደፍኑት ይሆናል» አሉና መወርወሪያቸውን አነሡ።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያሳዝን ወጣቶቻችን እንዲገነዘቡ ጥቂት ወደ ኋላ እንሂድ። በጎጃም ሙስሊሞች ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የርስት መሬት ስላልነበራቸው በንግድና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ዝነኛ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣበታል፤ ሙስሊም ነጋዴዎችም ይህን ይዘው ወደ ጎንደርና እስከ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ነጋዴው በመንገድ ላይ ሳለ በቤት የቀረው ይሸምን፣ ሴቲቱም ትፈትል ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ያደገው በእነዚያ ክሮች ነው።

ሸማኔ ግን ሥራው ይፈለግ ነበር እንጂ እሱ ራሱ አይከበርም ነበር። «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማኔውንም፣ ብረት ሠሪውንም፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ከልብ ለመውጣት ጊዜ ወስዷል። የሸማኔ ልጅ ዛሬ ባጃጅ መንዳትን ቢመርጥ ምክንያቱ ገቢው ብቻ አይመስለንም። ያቺ አሮጌ ስድብ ዛሬም ከጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብላለች።

«ማርቆስ ላይ ጥበብ የለም» ለምትሉ

አንዳንድ ወጣቶች፣ «ሥነ ጥበብ ለማየት አዲስ አበባ መሄድ አለብን፤ እዚህ ምን አለ?» ሲሉ እንሰማለን። እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቀው። በሸማ ዳር በቀለም ክር ተጣጥሎ የሚያልፈውን ጥለት እንለዋለን። ሸማኔው ክር እየቆጠረ፣ እያነሣና እየጣለ ቅርጽ ሲያወጣበት ግን ስሙ ተለውጦ «ጥበብ» ይባላል። ሠዓሊ ለሚሠራውም ሸማኔ ለሚሠራውም አማርኛ የሰጠው ስም አንድ ነው።

ይህን ከሚያስመሰክሩልን አንዱ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ነው። ኤልያስ በ1982 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሲሆን፣ ክርና ቁልፍ በጨርቅ ላይ እየሰፋ፣ ኋላም ከመርካቶ የሚሰበስባቸውን የተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች እየገጣጠመ ሥራዎቹን በብዙ የዓለም አገሮች አሳይቷል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖም በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውን ዞማ ሙዚየምን መሥርቷል። እንግዲህ ዓለም ቆሞ የሚያየው ሥራ የተነሣው እናቶቻችን ሲሠሩት ከኖሩት ነገር ነው፤ ከመርፌ፣ ከክርና ከተጣለ ዕቃ።

ስለዚህ ቤተሰብ አንድ የዕረፍት ቀን መድቦ በከተማችን ያለውን ጥበብ እየዞረ ይይ። ወደ ስፌት ተራ ሂዱ፤ ሴቶች ስንደዶውን በቀለም በተነከረ አክርማ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ መሶብና ሌማት ሲያወጡ ተመልከቱ። ቅርጹን በወረቀት የሚነድፍላቸው የለም፤ ቆጥረው የያዙት በልባቸው ነው። በልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ በኩል እለፉ፤ አገር ሁሉ የሚያውቀው የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣ ከእነርሱ መኪና ሥር ነው የሚወጣው። ከፋብሪካ በመጣ ተራ ጨርቅ ላይ ጎጃም የራሱን መልክ አወጣበት። ወጣቶች ዛሬ የራሴ አለባበስ ይኑረኝ ብለው ሲደክሙ፣ ገበሬው ያለ ድካም አግኝቶታል።

ስትሄዱ ግን ሥርዓት አትርሱ። ሰላም በሉ፤ ፎቶ ለማንሣት አስፈቅዱ፤ የአንድ ሳምንት ድካምን እንደ ሽንኩርት ዋጋ አትከራከሩበት። መግዛት ባትችሉ እንኳ ሥራውን ጠይቁና ስሙ። ለባለሙያ የሚጠይቀው ሰው ማግኘትም ክብር ነው።

የዒድ ዕለት

ጥበቡ ለዒድ ደረሰ። አዲሱ ከአሮጌው ጋር በቀለም ጥቂት ይለያያል፤ ልጃችን ግን እንዳይነከር አለች። ከላይ ሰፊ ነጭ ሂጃብ አድርጋ፣ ከእናቷ ጎን ለዒድ ሶላት ወጣች። ከጓደኞቿ አንዷ ሳቀችባት፤ ቤት ስትመለስ ይህን አልደበቀችንም። ሌላዋ ደግሞ የሸማኔውን ቤት እንድታሳያት ጠይቃታለች።

እኛም ለሁለቱ ትንንሽ ልጆች ከአጎታቸው የመጣውን ልብስ አሳጥረን አለበስናቸው። በተረፈው ገንዘብ ከአዛውንቱ ሸማኔ አንድ ጋቢ አዘዝን። የሚፈትል እስኪገኝ ይቆያል ብለውናል፤ እንጠብቃለን። ልጃችንም ከአያቷ ዘንድ እንዝርት ተቀብላ መፍተል ጀምራለች። እስካሁን የፈተለችው ወጣ ገባ ያለና የሚበጠስ ነው። ሸማኔው አይተው፣ «ለማግ ይሆናል፤ ግን ገና ነሽ» አሏት። በማግስቱ እንዝርቷን እንደገና አነሣች።

ውድ አንባብያን፣ በሳጥናችሁ ውስጥ ምን አለ? ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ንገሯቸው። የሚነግራቸው ሳይጠፋ ይሁን።

እስከሚቀጥለው ወር ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።