እኔነቱን የገደለው ሰዓሊ

ባለፈው እሑድ መዘዞ ላይ ጉሙ አልገለጥ ብሎ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ሬድዮ እሰማለሁ። አዲስ አበባ ዐውደ ርእይ የከፈተ አንድ ሰዓሊ ቀርቦ፣ «እኔነቴን ገድያለሁ፤ እኔ አላፊ ነኝ፤ ሥራዬ ግን ይኖራል» አለ። ጋዜጠኛዋ ትሕትናውን አደነቀች። እኔን ቆረቆረኝና መቁጠር ጀመርኩ። በሩብ ሰዓት ውስጥ «እኔ»ን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠራት። ሟቿን እንዲህ ደጋግማ የምትጠራ አልቃሽ በመንዝም አላውቅም።

«ሥራዬ ይኖራል»! በማን ቤት? ዝናቡን ማን ሊከላከልለት? አቧራውን ማን ሊጠርግለት? ምኒልክን የሚያህል ሰው፣ ያ ሁሉ ሠራዊት እያለው፣ ከአንኮበር ቤተ መንግሥቱ የተረፈው የግንብ ስባሪ ነው። ኋላ በቦታው ሎጅ ተሠራበት። ሸራ ከግንብ ይጠነክራል እንዴ?

እዚያው አንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት ሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌ እኔነታቸውን ለመግደል አልሞከሩም። «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት፣ ሜትር አርቲስት» የሚለው ማዕረግ ከስማቸው ይረዝም ነበር፤ ብዙ ሰው ስቆባቸዋል፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ምንም አይደለሁም ብለው አላታለሉንም። አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወታቸው ዛሬ የሚያበራውም በማዕረጋቸው ብርታት አይደለም። ጠጋኞች ደክመውበታል፤ አዳራሹ ታድሶ የተመረቀው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉን ስለ ጠጋኙ አንድም ቃል አይነግሩንም።

ደግሞ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ እንዳትጠቅሱብኝ። ስሙን የተወው በትሕትና ነው ትላላችሁ። ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ያሠራው ባለጸጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙም አብሮ ተጽፏል። ሰዓሊውን ስምህ ማነው ብሎ ማን ጠየቀው?

እዚህ ደጋው ላይ ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ከፈትሉ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ባናው ሲያልቅ ሌላ ይሠራል። ስለ አላፊነት ሬድዮ ላይ ወጥቶ ያወራ ሸማኔ አልሰማሁም፤ ብርዱ መቼ ፋታ ሰጥቶት!

ልጄ፣ እኔነትህን በእርግጥ ከገደልኸው የሚቀጥለውን ዐውደ ርእይ ያለ ስምና ያለ ፊርማ ክፈት። እኔ ከመዘዞ ማልጄ ተነሥቼ፣ በደብረ ብርሃን አድርጌ፣ በራሴ መሳፈሪያ እመጣለሁ።