ሟች «ይሄ ይቅር» ያለውን ማን ነው የሚሸጠው?

ሰው ሲሞት ልብሱ ይከፋፈላል፣ ዕዳው ይጣራል፣ እድሩም ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ድምፁስ? ድምፁን ማን ይወርሳል? ይህን የምጠይቀው ፈላስፋ ልሁን ብዬ አይደለም። እዚሁ ቦምቤ፣ የቀድሞ ተማሪዬ እናት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት ሁለት ገጽ ውል ነው ያስጠየቀኝ።

ልጁ ራፕ ይሠራ ነበር። በወላይትኛ፣ መሀል መሀሉን አማርኛ ጣል እያደረገ። እኛ ሽማግሌዎቹ «ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው ወይስ ጭቅጭቅ?» ስንል ኖረን፣ አምና በአጭር ሕመም ሲቀጭ ነው እስከ አረካና ሶዶ ድረስ ስንት ወጣት በስልኩ ይዞት እንደሚዞር ያወቅነው። ሶዶ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ የቀዳቸው ያልወጡ ሥራዎች 23 ናቸው። የስቱዲዮው ባለቤት «አልበም ላወጣለት ነው፣ ለጊፋታ ይደርሳል» ብሎ ከተፍ አለ። እሰየው! ታዲያ ውሉ ምን ይላል? እናትየው 15 ሺህ ብር ይቀበሉና «ማናቸውንም መብት ለዘለዓለም» ያስተላልፋሉ። ውሉ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ እሳቸው አማርኛ አያነቡም። የዝንጅብል አገር ሰዎች ነንና ከመሬት ያልወጣ ሰብል በርካሽ የሚገዛ ደላላ ለኛ እንግዳ አይደለም። ከመቃብር የሚገዛ ግን ገና ማየቴ ነው።

«አስተማሪ፣ ልፈርም?» አሉኝ።

«እናቴ፣ ለጊዜው ይቆይ» አልኩና ፍላሹን ተውሼ ሌሊቱን ሙሉ ሳዳምጥ አደርኩ።

ወገኖቼ፣ ያንን ሌሊት አልረሳውም። ልጁ ቅጂው ከመጀመሩ በፊት ይናገራል። «ይሄ ሙከራ ነው» ይላል። «ይሄ ይቅር፣ ሐሙስ እንደግመዋለን» ይላል። አንዱ ላይ ያስላል፣ ይስቃል፣ «ውኃ አምጡልኝ» ይላል። ሌላው ላይ ደግሞ አብሮ አደጉን በስም ጠርቶ ያዋርደዋል። ኋላ ታርቀዋል፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ያ ልጅ ነው። ይህንን ለባለ ስቱዲዮው ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱማ ነው የሚሸጠው!» የጎደሉትን ስንኞች ደግሞ በኮምፒዩተር ድምፁን አስመስለው ሊሞሏቸው አስበዋል። ኧረ በፈጣሪ! ያላለውን አስብሎ መሸጥ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ቢደረግ ስሙ ሐሰተኛ ምስክርነት አልነበረም እንዴ?

ነገሩን የጀመሩት የኛዎቹ አይደሉም። አሜሪካዊው ቱፓክ ሻኩር እ.ኤ.አ. መስከረም 1996 ላስ ቬጋስ ላይ ተተኩሶበት ሞተ። በሕይወት ሳለ በስሙ ያወጣቸው አልበሞች አራት ሲሆኑ፣ ከሞተ በኋላ የወጡለት ስድስት ናቸው። በ2004 በወጣው ላይ አቀናባሪው ኤሚነም የሟቹን ድምፅ ፍጥነትና ቅላጼ እንዳሻው ለዋውጦታል። በሌላ በኩል ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. መጋቢት 1997 ተገድሎ በ16ኛው ቀን አልበሙ ገበያ ላይ ዋለ፤ ያ ግን ራሱ ጨርሶ ያስቀመጠው ሥራ ነበርና ማንም ሊከስ አይችልም። ልዩነቱ ይሄ ነው። አንደርሰን ፓክ የተባለው ሙዚቀኛማ ብልጥ ነው፤ ስሞት ያልወጡ ሥራዎቼን እንዳታወጡ የሚል ኑዛዜ በ2021 ክንዱ ላይ ተነቅሶት አረፈ።

እኛስ አገር? ኢዮብ መኮንን ነሐሴ 2005 ዓ.ም ናይሮቢ ላይ ካረፈ ከዓመታት በኋላ «እሮጣለሁ» የተሰኘው አልበሙ ወጥቶለታል። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ በዓመቱ ሦስተኛው አልበሙ «ማል መሊሳ» ለሕዝብ ደረሰ። ሕዝቡ አልቅሶ ነው የሰማው። እነዚህ አይውጡ የሚል ሰው አልገጠመኝም፤ እኔም አልልም። ሟች እንዲሰማለት የፈለገውን ማሰማት ሐዘን ያቀላል።

አሁን ወደ ሕጉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል የቅጂ መብት ሕግ አለን፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የደራሲው ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። 50 ዓመት! እስቲ 15 ሺህን ለ50 አካፍሉት። በዓመት 300 ብር ይመጣል። ዛሬ በ300 ብር ስንት ቀን ቡና ይጠጣል? መንግሥታችን አርቲስት ሲሞት የሐዘን መግለጫ ለማውጣት ማንም አይቀድመውም። አዋጁ ግን አዲስ አበባ ታትሞ አዲስ አበባ ይቀመጣል። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ያለች የገበሬ ሚስት በቋንቋዋ ካልተነገራት ሕጉ ለማን ተጻፈ? ለደላላው?

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ የማይስማማ ይጻፍና እንከራከር። ከ23ቱ ውስጥ ልጁ ራሱ «አሁን አለቀ» ያለባቸው አራት አሉ። እነሱ ይውጡ፣ እንዳሉ፣ ያለ ጭማሪ። አብሮ አደጉ የተሰደበበት ለማንም አይሰጥ። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ጥቅል ዋጋ ሳይሆን ከገቢው እየታየ ለእናቱ ይከፈል፤ ውሉ በወላይትኛም ይጻፍ። ባለ ስቱዲዮውም ቢሆን ደክሟል፣ ልጁ ሳንቲም በሌለው ጊዜ በዱቤ ቀድቶታል፤ ድርሻውን ያግኝ፣ አልከለክልም።

ለእናትየው ይህንኑ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እስቲ መጀመሪያ አንዱን አሰማኝ» አሉ። ካለቁት አንዱን ከፈትኩላቸው። አልፈለጉትም። «የሚያስልበት አለ ብለኸኝ አልነበር? እሱን» አሉ። ሦስት ጊዜ ሰሙት። ሰውዬው ለጊፋታ ሰሞን እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል፤ ውሉ ሳይፈረም እኔ ዘንድ ነው።