በደካማ ማግኔት ስለሚሠራው የሕክምና መሣሪያ

የሰውን ገላ ሳይቀዱ ውስጡን ለማየት የሚያስችለው ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ከዚህ ዘመን የሕክምና ጥበቦች ሁሉ እጅግ የከበረ መሆኑ የታወቀ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በሰው አካል ባለው ውሃ ውስጥ የሚገኙት የሃይድሮጅን አቶሞች ማግኔት ሲቀርባቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ የራዲዮ ሞገድ ሲላክባቸውም መልሰው ምልክት ይሰጣሉ፤ ምልክቱም በኮምፒዩተር ተሰብስቦ ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ ጥበብ ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል።

ነገር ግን ጥበቡ እስከ ዛሬ ይልቁንም የባለጸጋ አገርና የትልቅ ከተማ ንብረት ሆኖ ቆይቷል። በታላላቅ ሐኪም ቤቶች ያለው ማግኔት ኀይሉ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ሽቦውም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል። ለብቻው የተሠራ ክፍል፤ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ መካኒክ ያስፈልገዋል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ስፍራ ይህን የመሰለውን መሣሪያ ማቆም ብዙ ገንዘብን ለአቧራ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በዚሁ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዩጋንዳ በምባራራ የተደረገው ሥራ ሊመረመር ይገባዋል። ዕቃው ሁሉ ተፈታትቶ ከሆላንድ በአውሮፕላን ተጫነ። ትናንሾቹ ቋሚ ማግኔቶች በ23 ቀለበቶች ላይ ተደረደሩ፤ ኀይላቸውም 0.05 ቴስላ ብቻ ሲሆን ሂሊየም አላስፈለገም። አራት አስተማሪዎችና ሥራውን ቀድሞ ያልተማሩ ስድስት ሰዎች አብረው ሠርተው ዕቃው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው ሥዕል እስኪታይ 11 ቀን ያህል ፈጀ። ከሥዕሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ መሣሪያውን በእጁ የገጣጠመ ሰው በተበላሸ ጊዜ ሊጠግነው ይችላል።

በዩጋንዳ ብዙ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ በሚይዛቸው በሽታ ምክንያት በራሳቸው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ቀዶ የሚያክመው ሐኪም ውሃው የት እንዳለ፤ አንጎሉም ምን ያህል እንደ ተጨቈነ ማወቅ አለበት። በራጅ የሚሠራው ሲቲ ይህን ያሳያል፤ ሆኖም ሕፃን ልጅን ደጋግሞ ለጨረር ማጋለጥ ጉዳት አለው። ማግኔቱ ግን ይህን ጨረር አያወጣም፤ ውሃንና አንጎልንም ለመለየት ታላቅ ኀይል አያስፈልግም።

ሥዕሉ ደብዛዛ ነው ብለው የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ እውነትም ነው። ትንሽ ዕጢ ሊያመልጠው ይችላል። ነገር ግን ደብዛዛውን ሥዕል ከጥሩው ጋር ማመዛዘን የሚገባው ጥሩው ባለበት ሐኪም ቤት ነው፤ ከነጭራሹ ሥዕል በሌለበት ስፍራ ሐኪሙ በግምት ይሠራል።

ይልቅስ የሚያሠጋው ሌላ ነው። በ2024 ዓ.ም. የሆንግ ኮንግ ሊቃውንት ከተራ የግድግዳ ሶኬት 1800 ዋት ብቻ በሚወስድና በ0.05 ቴስላ በሚሠራ መሣሪያ የሰውን መላ አካል ሥዕል አሳይተዋል። ይህ የተቻለው ኮምፒዩተር ሥዕሉን እንዲያጠራ ስለ ተደረገ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን አስቀድሞ ከተማራቸው ሥዕሎች ተነሥቶ የጐደለውን ሲሞላ በሕመምተኛው ገላ የሌለውን ነገር ሊጨምር ይችላል። ብል የበላውን የብራና ቃል ከልቡ ጽፎ የሚሞላ ጸሐፊ ንባቡን ያሳምራል፤ የፊተኛው ደራሲ ቃል መሆኑን ግን ማን ያረጋግጣል? ስለዚህ ሐኪሙ ያልተነካውንም ሥዕል ከተጠራው ጋር አብሮ ማየት ይገባዋል።

በአሜሪካ 0.064 ቴስላ ያለው፤ በመንኰራኵር እየተገፋ ወደ ሕመምተኛው አልጋ የሚቀርብ መሣሪያ በ2020 ዓ.ም. የመንግሥት ፈቃድ አግኝቷል። ከሩቅ አውራጃ ለአንድ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ሕመምተኛ የሚያስቡ ባለሥልጣኖች ይህን የመሰለ መሣሪያ ለመግዛት ቢነሡ፤ ከዋጋው አስቀድመው ማን እንደሚጠግነው ሊጠይቁና የአገሩ ልጆች የሚሠለጥኑበትን ወጪ በዚያው ውል ላይ ሊያስጽፉ ይገባል።