ከመሰረቃችን በፊት ጣቢያ እንሂድ

በጅቡቲ ከተማ ዋራበሌ ሰፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ሌባ ስለ እኛ የሚያውቀውን እኛም እንወቅ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ቢዘረፍ ፖሊስ ጣቢያ እንደማይሄድ፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዟን ብትከለከል እንደማትከስ፣ የተደበደበ ቁስሉን አጥቦ እንደሚተኛ አሳምሮ ያውቃል። የሚከብረው በዝምታችን ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጅቡቲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ዜጎች እንዲወጡ ቀነ ገደብ ሲያስቀምጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጓዛቸውን ሸክፈው ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህም አፈሳው ብቅ ጥልቅ ይላል። የፖሊስ መኪና ሲያይ በጓሮ የሚሾልክን ሰው፣ ነገ ጠዋት ፖሊስ ፊት ቀርበህ "ስልኬን ተሰረቅሁ" በል ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ ጥሪዬ "ድፈሩ" አይደለም። ብቻችሁን አትሂዱ ነው።

አገር ቤት አያቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው። ከብት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም። ካልታወቀ ካሳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። ንጹሑን ከሌባው ጋር ማስከፈሉ አይናፍቀኝም፤ መሰብሰቡ ግን ይናፍቀኛል። በኋላ በአማራ ክልልም በአዲስ አበባም ማህበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል ሥራ ሲዘረጋ፣ ፖሊስ በየቀጠናው እየተመደበ ከነዋሪው ጋር መምከር ጀመረ። በቃለ ጉባኤ ብቻ የቀረበት ቦታ አለ፣ አንዋሽ። በሠራበት ቦታ ግን እናቶች የቀጠናቸውን ፖሊስ በስሙ ይጠሩታል።

እዚህስ? ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ሰው ፍራሹን ደጅ ያወጣል፣ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ስልኩን ትራሱ ስር ከቶ ያንቀላፋል። ሌሊት ሲነቃ ትራሱ አለ፣ ስልኩ የለም፤ ከስልኩ ጋር አገር ቤት ያለችው የእናቱ ቁጥር ሄዷል። በየቤቶቹ ረድፍ ሁለት ሁለት ሰው ተራ ገብቶ ቢነቃ ይህ ሁሉ አይደርስም። ለተረኛው ባትሪና ፊሽካ ይበቃዋል፤ ዱላ አይዝም። የተያዘ ሰው አይመታም፣ ወረቀትም አይጠየቅም። ይህን የጣሰ ከተራው ይውጣ፤ ጎበዝ መንደር እየጠበቅሁ ነው ብሎ ሽፍታ የሆነበትን ጊዜ አይተናል።

ሶማሌውም አፋሩም ጎረቤታችን በተራው ይግባ። ሌባው ቋንቋ አይመርጥም፤ እሳትም አይመርጥም። በጣውላና በቆርቆሮ በተጠጋጋ ሰፈር አንድ የከሰል ምድጃ ረድፉን ይጨርሳል። ጎርፍም ሰው አይመርጥም፤ በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። እንዲህ ላለ ጊዜ የሚደወልባቸው ቁጥሮች፣ ፖሊስ 17፣ እሳት አደጋ 18፣ በየበሩ በከሰል ይጻፉ።

ፖሊስንም አንድ ነገር እንለምን፤ ተበደልኩ ብሎ የመጣን ሰው መጀመሪያ በደሉን ይጠይቀው፣ ወረቀቱን ሳይሆን። እሺ ይሉናል ብዬ ቃል አልገባም። አንድ የፈራ ሰው ሲለምን ግን አይሰማም፤ መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሃያ ጎረቤቶች ሶማሌና አፋር ሽማግሌ አስቀድመው ሲለምኑ ወንበር ይቀርብላቸዋል።

እንግዲህ ዓርብ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከአስር ሰዓት በኋላ በየረድፋችሁ ተሰብሰቡና ሁለት ሰው ምረጡ፤ አንዷ ሴት ትሁን፣ ሴቶች ለወንድ የማይነግሩት በደል አለና። ፈረንሳይኛ ወይም ሶማልኛ አቀላጥፎ የሚናገር ለአስተርጓሚነት ስሙን ያስመዝግብ። ወረቀቱ ያላለቀለት ቤቱ ይቆይ፤ አቤቱታውን ለተመረጡት ይንገር፣ እነሱ ጣቢያ ያደርሱለታል።