ቅርንጫፉ ከመዘጋቱ በፊት እንነጋገር



ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ፣ ለነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጥቷል። አቅሙ ለማይፈቅድለት ባንክ አንዱ መውጫ ከሌላው ጋር መዋሃድ ነው። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ቴሌብርና የባንኮቹ የሞባይል አገልግሎቶችም ሰውን ከመስኮቱ እያራቁት ነው። በአንድ መንገድ ዳር ጎን ለጎን የተከፈቱ ቅርንጫፎች ሁሉ ይቀጥላሉ ብሎ መተማመን ከእንግዲህ ያስቸግራል።

ከብሪታንያ እንማር። እዚያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ6,000 በላይ ቅርንጫፎች ተዘግተዋል። የጥሬ ገንዘብ አገልግሎትን የሚጠብቀው ሕግ የወጣው ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙው ቅርንጫፍ ከተዘጋ በኋላ። አባቶቻችን አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚሉት ለዚህ ነው።

ቅርንጫፍ ሲዘጋ የሚነካው ገንዘብ ከፋዩ ብቻ አይደለም። በኤጀንሲ የተቀጠሩት ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች፣ በሩ ላይ ቡና የምታፈላው እናት፣ ከጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ደብተራቸውን ይዘው የሚመጡት ጡረተኛም አብረው ይነካሉ።

የባንክ ሠራተኞች ሆይ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ። የባንኮች መዋሃድ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛው ተወካዮች ጋር መመካከር፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠትና የስንብት ክፍያ መክፈል አለበት። ነገር ግን በትልልቅ ድርጅቶች ሕጉ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ 10 በመቶው ሠራተኛ ሲነካ ነው። ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ የሚዘጋ ባንክ ከዚህ ወሰን በታች ሊቀር ይችላል። ይህን ክፍተት መዝጋት የሚቻለው በኅብረት ስምምነት ነው። ስለዚህ ማኅበራችሁ ዛሬውኑ አጀንዳ እንዲይዝላችሁ ጠይቁ፤ ቅርንጫፉ የተዘጋበት ሠራተኛ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ወይም ወደ ዲጂታል ክፍል የመዛወር ቅድሚያና ሥልጠና እንዲያገኝ በጽሑፍ ይስፈር። የቅጥር ደብዳቤያችሁንና የደመወዝ ማስረጃችሁንም ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ።

ደንበኞች ሆይ፣ የሰፈራችሁ ቅርንጫፍ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ስትሰሙ በዕድራችሁ በኩል ፊርማ አሰባስባችሁ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤትና ለብሔራዊ ባንክ ጻፉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ቀኑ አስቀድሞ ይነገረን፣ በአቅራቢያችን ምን ይተካልን፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው አረጋውያን በምን ይስተናገዱ።

የባንክ ኃላፊዎች ሆይ፣ ቴክኖሎጂውን አንቃወምም፤ እኛም እንጠቀምበታለን። የምንጠይቀው የመዝጊያ ዕቅዳችሁ የሰውን ዕጣ አብሮ እንዲይዝ ነው። ጡረታ በሚወጣው ሰው ቦታ አዲስ ከመቅጠራችሁ በፊት ነባሩን አሠልጥኑ። ከኤጀንሲ ጋር የምትፈራረሙት ውልም ለጥበቃውና ለጽዳት ሠራተኛዋ ሌላ ምድብ እንዲፈለግላቸው ያስገድድ።

ይህን ያነበባችሁ የባንክ ሠራተኞች፣ በዚህ ሳምንት የማኅበራችሁን ሊቀመንበር አግኙና ስለ ዝውውርና ሥልጠና በኅብረት ስምምነታችን ምን ተጽፏል ብላችሁ ጠይቁ። ምንም ካልተጻፈ፣ እንዲጻፍ አድርጉ።