ፍሪጁ ሲያጉረመርምና ዝም ሲል

ፍሪጅ ሲጮኽ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዝም ያለው ነው። ክትባት ክፍል የሠራ ሰው ይህ ጠባይ አይለቀውም፤ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይተን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን እንመዘግብ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ከወጡ ድስት ጎን የአያት ኢንሱሊን ወይም ለሕፃን የታለበ የጡት ወተት ይቀመጣል። ስለዚህ ድምፁን መለየት ይጠቅማል።

አብዛኛው ድምፅ የጤና ነው። ከጀርባው ግርጌ ያለው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ሲሠራ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ያርፋል። የተራበ ሆድ የመሰለው ኩርኩርታ በቱቦው ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ነው። ሌሊት «ቋ» የሚለው ደግሞ ፕላስቲኩ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲለጠጥና ሲኮማተር ነው። ልጆች «ውስጡ ሰው አለ» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በእጅዎ ጫን አድርገው ይያዙት። ድምፁ ከጠፋ ወይ አንዱ እግሩ ወለል አልነካም፣ ወይ ጀርባው ከግድግዳው ተጣብቋል፣ ወይ አናቱ ላይ የደረደርነው ትሪና ጠርሙስ እየተጋጨ ነው። ሞተሩ ጨርሶ የማያርፍ ከሆነ የበሩን ጎማ ይፈትሹ፦ ወረቀት አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት፤ እንደ ዋዛ ከወጣ ጎማው አልያዘም። ከጀርባው ያለው ፍርግርግም አቧራ ለብሶ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅለው ይጥረጉት።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነው። «ቀጭ» ይላል፣ ጥቂት ያጉረመርማል፣ እንደገና «ቀጭ» ብሎ ጸጥ። ከደቂቃዎች በኋላ ይደግመዋል። ሞተሩ ሊነሳ ሞክሮ አቅቶት፣ እንዳይቃጠል መከላከያው እየቆረጠው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ወይም ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሰክቶ ኃይሉ ሲወርድ ይህ ይሰማል። በሩ ሲከፈት አምፖሉ ስለሚበራ ቤተሰቡ «ይሠራል» ብሎ ያልፈዋል፤ ውስጡ ግን እየሞቀ ነው።

ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆይተው፣ ኃይሉ ሲስተካከል ይሰኩት። ከደገመው ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ። ሞተር ይቀየር ከመባሉ በፊት ማስነሻው ሪሌይ ይፈተሽ፤ ከሞተሩ በጣም የረከሰ ዕቃ ነው። ችግሩ የኃይል መዋዠቅ ከሆነ ስታቢላይዘር መግዛት ያዋጣል።

እስከዚያው በሩን ደጋግመው አይክፈቱ፤ ተዘግቶ የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ካለ ወደ ጎረቤት ፍሪጅ ይውሰዱት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም አይግባ። አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይወጋም። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ይቆያል፤ ብዙዎቹ ለ4 ሳምንት ያህል። ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን ወረቀት አንብበው የተከፈተበትን ቀን ይጻፉበት።

የፍሪጅ ቴርሞሜትር ካገኙ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ኢንሱሊኑም እዚያው ይሁን፣ ከበሩም ከፍሪዘሩም ራቅ ብሎ።